ከጎረቤት ሳሎን እስከ መዳፍ፦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የማየት ልማድ አጭር ታሪክ



ስለ ቴሌቪዥን ታሪክ ሲነሣ አዘውትሮ የሚነገረው የጣቢያው ታሪክ ነው፤ መቼ ተመሠረተ፣ ማን መራው፣ ምን አሰራጨ የሚለው። የተመልካቹ ታሪክ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ሲሆን ጥያቄዬም አጭር ነው፤ በየዘመኑ የሚታየውን ይመርጥ የነበረው ማን ነው? የእጅ ስልክ ያመጣውን ለውጥ በአግባቡ ለመመዘን ከእርሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ግድ ይላል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ ሆኖ በምሽት ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚቆይ ነበር። መቀበያው ውድ በመሆኑ ባለቤቱ ጥቂት፣ ተመልካቹ ግን ብዙ ሆነ። የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወለሉ ላይ ይደረደራሉ፤ ለትልልቆቹ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ የቤቱ ጌታ እንቅልፍ ሲመጣበት መሣሪያው ይጠፋል፤ ሁሉም «ደኅና እደሩ» ብሎ ይበተናል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ያቀረቡት የልጆች ጊዜ ብዙ ልጆችን ያገኘው በእንዲህ ያለ ሳሎን ነው። ጣቢያው አንድ ስለ ነበር «ምን እንይ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «ማን ቤት ሄደን እንይ?» ተብሎ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን መራጮቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ መንግሥት፣ ሌላው የመቀበያው ባለቤት።

በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር፣ የቀለም ሥርጭት ተጀመረ። ቴሌቪዥኑ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ የክብር ስፍራ ያዘ፤ በዳንቴል ተሸፍኖ ከሳሎኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከዚያም የቪዲዮ ቤቶች፣ ኋላም ዲሽ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቃና የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ ሲያቀርብ፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ስለ ባህልና ስለ እንጀራቸው አጥብቀው ተከራከሩ። በቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ክርክር ነበር፤ አባት ኳስ፣ እናት ድራማ፣ ልጅ ሙዚቃ ይሻሉ፤ ሪሞቱ ግን አንድ ነው። የሚመረጠው ቢበዛም መራጩ ገና ቤተሰቡ ነበር።

የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ስልክ ለድምፅ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ስልኩን ቴሌቪዥን ያደረገው በኢንተርኔት አማካይነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከኢንተርኔቱ በፊት ለሚሞሪ ካርዱ ስፍራ እሰጣለሁ። በየከተማው በሞባይል መጠገኛ ሱቆች ዘፈንና ፊልም በጥቂት ብር እየተጫነ መረብ ወዳልደረሰበት ገጠር ሳይቀር ይሄድ ነበር። የአራተኛው ትውልድ መረብ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሲገባ፣ ያገኙት አስቀድሞ በስልክ ማየት የለመደ ሕዝብ ነው።

ሰው ስልክን ያስቀደመበት ምክንያት የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ቤት በለወጠ ቁጥር ቴሌቪዥንና ዲሽ ተሸክሞ መዞር ይከብደዋል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፤ ስልኩ ግን ባትሪው እስካለ ያበራል፣ ያሳያል፣ ገንዘብም ይልካል። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንን አስቡ፤ በዚያ ቤት ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን የአሠሪዎቿ ነው። ማታ በአማርኛ የምትሰማበት፣ የምትስቅበትና የምታለቅስበት መስኮት ስልኳ ነው።

እንግዲህ መራጩ አሁን ግለሰቡ ሆነ ማለት ነውን? በከፊል አዎን። የምሽቱን ሁለት ሰዓት ዜና የሚጠብቅ ቤት አንሷል፤ እያንዳንዱ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ የየራሱን ያያል። ነገር ግን ምርጫው አጥር አለው። የመጀመሪያው አጥር የዳታ ጥቅል ነው፤ የሚታየውን ርዝመት የሚወስነው የኪስ አቅም ነው። ሁለተኛው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቪዲዮ የሚያቀርበው ተመልካቹ የማያየው ስሌት ነው። ሦስተኛው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። በውጭ አገር ሆነው የሚያሰራጩ እንደ ኢሳት ያሉ ጣቢያዎች የሳተላይት ሞገዳቸው ይታወክ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። መሣሪያው ከሳሎን ወደ መዳፍ ቢወርድም፣ ከሩቅ የሚያጠፋው እጅ አብሮት ወርዷል።

አብሮ ማየትም ፈጽሞ አልጠፋም። ትልቅ ጨዋታ በሚኖርበት ቀን የኳስ ማሳያ ቤቶችን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ተመልካች በኪሱ ስልክ ይዞ፣ ከፍሎ፣ ተጋፍቶ ይቀመጣል። ሰው ብቻውን ማየት ስለቻለ ብቻ አብሮ መጮህን አልተወም።

ለታሪክ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚከብደው የምንጭ ጉዳይ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ባየበት ዘመን፣ የአንድን ምሽት መሰናዶ ያገኘ ተመራማሪ የከተማዋን የጋራ ትዝታ አገኘ ማለት ነበር። ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር አምስት ሰው አምስት የተለያየ ምሽት ያሳልፋል። ስልኩ ሲሰበር፣ ሚሞሪው ሲበላሽ፣ ቪዲዮው ከመረቡ ሲነሣ ያ ምሽት አብሮ ይጠፋል። ከመቼውም ይልቅ ብዙ እየቀረጽን፣ ለመጪው ተመራማሪ ከመቼውም ያነሰ ልናስቀምጥለት እንችላለን።

ስለዚህ አደራዬ ሁለት ነው። በጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠው ያዩትን ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ ማን ቤት ሄዱ፣ ከማን ጋር ተቀመጡ፣ ማንስ በር ላይ ቀረ? ሁለተኛም፣ እናንተ ራሳችሁ በስልክ ያያችሁትንና ያያችሁበትን ሁኔታ፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ መዝግቡ። እናንተ ካልጻፋችሁት፣ ይህን ዘመን የሚያጠና ሰው የሚያገኘው የስልኮቹን ቀፎ ብቻ ነው።