ሙላቱ አስታጥቄ፦ የወጣትነት ዘመን

የኢትዮ-ጃዝ ፈር ቀዳጅ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወለዱ። ጅማ ቦንጋን ጭምር ያቅፍ የነበረው የቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት መዲና ሆና የቆየች ከተማ ናት።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤተሰባቸው መሐንዲስ እንዲሆኑ ወደ ዌልስ ላካቸው። እሳቸው ግን ሙዚቃን መረጡ። በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ተማሩ፤ የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪም ነበሩ።

ዋናው ፈተና፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ማዋሃድ፣ ከዚያ በኋላ መጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ጃዝ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይጠቀማል። የጃዙ ኅብረ ድምፅ ሲበዛ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል። ሙላቱ ዜማውን በቅኝቱ ጠብቀው ኅብረ ድምፁን ከሥሩ በጥንቃቄ አስገቡ። ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው። በ1966 በኒውዮርክ «አፍሮ-ላቲን ሶል»፣ በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኙ አልበሞቻቸው ታተሙ። በ1973 የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጡ ሙላቱ አብረዋቸው ሠሩ።

የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ዜማቸውን ተጠቀመ፤ የፊልሙ ታሪክ ግን የሌላ ሰው ነው። ቤተሰብ ከመረጠለት ሙያ ወጥቶ የራሱን ድምፅ የሚፈልግ ወጣት ታሪክ ለፊልም ድርሰት የተመቸ ነው። ለዚህ መነሻ ካሜራ አያስፈልግም፤ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍሎ ድርሰቱን በሕዝብ ፊት ማንበብ ይበቃል። የቦንጋና የጅማ የቴአትር ወጣቶች ይጀምሩት።