ከባሕር ሥር የተገኘ የንጉሥ ቅመም

እኛ ቁንዶ በርበሬን በየማድ ቤታችን ስለምናገኘው እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። በጥንቱ ሰሜን አውሮፓ ግን የታላላቆች ገበታ ክብር ነበር። ለዚህ ምስክራችን አንዲት የተቃጠለች መርከብ ናት።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1495 ዓ.ም. የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ሐንስ ከስዊድን መሪ ጋር ሊደራደር ወደ ካልማር ከተማ ተነሣ። ዓላማው የስዊድንን ዘውድ ደርቦ ለመጫን ነበር። ነገር ግን «ግሪብስሁንደን» የተባለችው መርከቡ በሮነቢ ከተማ አጠገብ መልሕቋን ጥላ ሳለች እሳት ተነሥቶባት ሰጠመች። ንጉሡ በውስጧ ስላልነበረ ተረፈ።

በ2021 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ወደ ባሕሩ ጠልቀው ጭቃውን ቢፈትሹ ከ2,000 በላይ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ሳፍሮን የሚባለውን ውድ የአበባ ክር አገኙ። የባልቲክ ባሕር ቀዝቃዛ ነው፤ ጨዉም ጥቂት ስለሆነ እንጨት በዪው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ በጭቃውም ውስጥ አየር ስለማይገባ ቅመሙ ሳይበሰብስ ቈየ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን፣ ሳፍሮኑ ከ500 ዓመት በኋላ እንኳ መዓዛው አለመጥፋቱ ነው!

ቅርንፉድ በዚያን ዘመን የሚበቅለው በሩቅ ምሥራቅ፣ በሞሉካ ደሴቶች ብቻ ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማም ህንድ የደረሰው ገና በ1498 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ቅመም ወደ አውሮፓ ይደርስ የነበረው በብዙ ነጋዴዎች እጅ አልፎ፣ አብዛኛውም በእኛው ጎረቤት በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ነበር። በየወደቡ ቀረጥ ሲከፈልበት ዋጋው እንዴት አይንር?

ሐንስ በዚህ ሁሉ ቅመም የስዊድን መኳንንትን ዓይን ሊማርክ አስቦ እንደ ነበር እንገምታለን። ቅመሙ ግን ከጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ዘውዱንም ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1497 ዓ.ም.፣ በጦርነት ነው።