በማደሪያዋ ልክ የተሠራች ሞተር ብስክሌት

የሰው ልጅ አንድን ዕቃ የሚሠራው አስቀድሞ ስለ አገልግሎቱ አስቦ ነው፤ ማደሪያውን የሚያዘጋጅለትም ከዚያ በኋላ ነው። በሀገራችን ልማድ ጸሓፊው ዳዊቱን ጽፎ፣ ጠርዞና ደጉሶ ከፈጸመ በኋላ ቆዳ ሰፊው የመጽሐፉን ቁመትና ወርድ ለክቶ ማኅደሩን ይሰፋለታል እንጂ፣ ማኅደሩ ተሰፍቶ እስኪመጣለት ድረስ ብራናውን ሳይፍቅ የሚጠብቅ ጸሓፊ አልታየም። ታጣፊዋ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ግን ይህን ሥርዓት ገልብጣ የመጣች ናት፤ በታሪኳ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው፣ ማደሪያው አስቀድሞ ተወስኖ መሐንዲሱ ጎማውንም ሞተሩንም በዚያ ልክ እንዲያበጅ መገደዱ ነው። ስለዚህም ታሪኳን ለመጻፍ የተነሣ ሰው ስለ ፍጥነቷና ስለ ጉልበቷ ከመናገሩ በፊት ስለ ሣጥኗ መናገር ይገባዋል።

መነሻው እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። በ1915 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ሲቲ በተባለው ሰፈር መሠራት የጀመረችው አውቶፔድ ኮርቻ የሌላት፣ ነጂዋ ቆሞ የሚሄድባት፣ 155 ሲ.ሲ. ሞተሯም በፊተኛው ጎማ ላይ የተጫነባት መኪና ነበረች። መሪዋን የተሸከመው ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሪሲዮኑን ያስይዛል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ፍሬን ይይዛል፤ ጉዞው ሲፈጸምም ያው ዘንግ ወደ መቆሚያው ጠፍጣፋ ታጥፎ ይተኛና መኪናይቱ ከደጅ ማደር ድና በቤት ጥግ ትቀመጣለች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ትታገል የነበረችው እመቤት ፍሎረንስ ኖርማን በ1916 በለንደን አውቶፔድ እየነዳች የተነሣችው ፎቶግራፍ ዛሬም በየታሪኩ መጽሐፍ ይታያል። ይሁን እንጂ ያለ ኮርቻ በትንንሽ ጎማ መንገጫገጭን ብዙ ሰው አልወደደውም፤ የኒው ዮርኩ ሥራ በ1921 ቆመ።

ማደሪያው ፍጹም ገዢ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በዌልዊን ከተማ አጠገብ፣ ዘ ፍራይዝ በሚባለው ግቢ ውስጥ ከጠላት መስመር ኋላ ለሚዘምቱ ሰዎች ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚፈለስፍ፣ «ጣቢያ ዘጠኝ» የተባለ የምሥጢር ክፍል ነበር፤ አዛዡም ሌተና ኮሎኔል ጆን ዶልፊን ነበረ። በጃንጥላ የሚወርድ ወታደር መሬት በረገጠ ጊዜ ሸክሙን አዝሎ በእግሩ ከመሄድ በቀር ሌላ ዘዴ የለውምና፣ ክፍሉ አንዲት ሞተር ብስክሌት አብራው እንድትወርድ አሰበ። ነገር ግን ከአውሮፕላን ዕቃ የሚጣልበት የብረት ማኅደር መጠኑ ከተቈረጠ ቆይቷል፤ ውስጡ 130 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 38 ያህል ከፍታ፣ 30 ያህል ወርድ ነበረው፤ ከዚህ አንዲት ጣት የምታልፍ መኪና ምንም ያህል ብትከንፍ ለዚህ ዘመቻ አልተፈጠረችም።

በዚህ ልክ የተወለደችው ዌልባይክ ናት። የመጀመሪያይቱን ያበጃት ሃሪ ሌስተር የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ በብዛት የሠራት ደግሞ በበርሚንግሃም የሚገኘው የኤክሴልሲየር ፋብሪካ ነው፤ ሞተሯ 98 ሲ.ሲ. ቪሊየርስ፣ ክብደቷ 32 ኪሎ፣ ፍጥነቷም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከማኅደሯ ወጥታ እስክትነዳ ያለውን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ወታደሩ ሁለቱን የመሪ ክንዶች ከተጋደሙበት አንሥቶ ያጠብቃል፤ ኮርቻውን ከቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ ይስባል፤ የእግር መርገጫዎቹን ወደ ውጭ ይዘረጋል። የቤንዚኑ ታንክ ማደሪያው ስለ ጠበበ ከካርቡራቶሩ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነበርና ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ ወታደሩ በእጅ ፓምፕ አየር እየነፋ ታንኩን ያስጨንቀዋል፤ የመርገጫ ማስነሻ ስለሌላትም እየገፋ ሮጦ ያስነሣታል። መብራት የላትም፤ ንዝረት የሚያበርድ ሞላ የላትም፤ ፍሬኗም የኋላው ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጉድለቷ በስተጀርባ ያ የብረት ማኅደር ቆሞ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከ3,600 የሚበልጡ ዌልባይኮች ተሠሩ፤ በመስከረም 1944 በአርነም በተደረገው ዘመቻም ከአየር ወለዱ ጦር ጋር የወረዱ ነበሩ። ዳሩ ግን ሰውና ዕቃ ከአንድ አውሮፕላን ቢጣሉም በአንድ ስፍራ አይወድቁም፤ ወታደሩ የተላከችለትን መኪና ፍለጋ በጠላት ዓይን ሥር ሜዳ ለሜዳ መዞር ነበረበት፤ ቢያገኛትም ትንንሾቹ ጎማዎቿ በቦምብ በተቈፈረ መንገድና በታረሰ መሬት ላይ ይሰምጡ ነበር። በመጨረሻም ጂፕንና ተራ ሞተር ብስክሌትን እንኳ ሊሸከሙ የሚችሉ ትልልቅ ግላይደሮች በመጡ ጊዜ፣ ማለትም ማደሪያው በሰፋ ጊዜ፣ ዌልባይክ የተፈጠረችበት ምክንያት አብሮ ጠፋ። በዚያው ዘመን የቱሪኑ ቮሉግራፎ ለኢጣሊያ አየር ወለዶች አኤርሞቶ የተባለች ትንሽ ሞተር ብስክሌት ሠርቶ ነበር፤ የአሜሪካው ኩሽማን ግን ማጠፍን ትቶ ጠንካራ ስኩተሩን እንዳለ በጃንጥላ አስሮ መጣልን መረጠ።

ከሰላሙ በኋላ ዶልፊን አሳቡን አልጣለውም። ብሮክሃውስ የተባለው ኩባንያ ዌልባይክን አሻሽሎ ኮርጊ በሚል ስም ለሕዝብ አቀረባት፤ በአሜሪካም ኢንዲያን የተባለው የታወቀ የሞተር ብስክሌት ድርጅት ፓፑስ ብሎ ሸጣት። እስከ 1954 ድረስ 27,000 ያህል ተሠሩ። በእንግሊዝ አገር ቤንዚን እስከ 1950 ድረስ በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ ጥቂት የምትጠጣና በጠባብ ኮሪደር ታጥፋ የምታድር መኪና የሚፈልግ አልጠፋም። ሆኖም በ1946 ከፖንቴዴራ የወጣችው ቬስፓ፣ የማትታጠፍ ሆና ሳለ፣ የነጂውን እግር ከጭቃና ከንፋስ የሚከልል ጋሻ ይዛ መጣችና ገበያውን ወሰደችው። በእኔ አሳብ ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ሰው በመኪናው ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት መኪናውን ከሚያጥፍበት ደቂቃ ይበልጣልና።

ነገሩ እንደገና የተነሣው በጃፓን ነው። ሆንዳ በቶኪዮ አጠገብ ባቋቋመው ታማ ቴክ በተባለው የመዝናኛ ስፍራ በ1961 ለልጆች ያዘጋጃት 49 ሲ.ሲ. ትንሽ መኪና መንኪ የምትባለው ሞተር ብስክሌት እናት ሆነች፤ በ1967 የወጣችው ዜድ 50 ኤም መሪዋ የሚታጠፍ፣ ኮርቻዋም ዝቅ የሚል ስለ ነበር በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትገባ ነበር። የጃፓን ከተማ የቦታ ጥበት በሕግ እስከ መጻፍ የደረሰ መሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከ1962 ጀምሮ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው የሚያቆምበት ቦታ እንዳለው ለፖሊስ ማረጋገጥ ግዴታው ሆኗል። ትንሿ ሞተር ብስክሌት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነበረች።

በኅዳር 1981 ሆንዳ ሲቲ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል በተገለጠች ጊዜ ሞቶኮምፖ አብራት ወጣች። የአውቶሞቢሉ የኋላ መጫኛና ሞተር ብስክሌቷ ተናበው የታሰቡ ነበሩና፣ አሳቡ ሰው በከተማው ዳር አውቶሞቢሉን አቁሞ የቀረውን መንገድ በሞተር ብስክሌት እንዲሄድ ነበር። ሞቶኮምፖ ስትታጠፍ 118.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 54 ከፍታና 24 ወርድ ያላት፣ አራት ማዕዘን ሣጥን ትሆናለች፤ መሪው ተፈትቶ ወደ ሆዷ ይወርዳል፣ ኮርቻው ይሰምጣል፣ መርገጫዎቹ ይታጠፋሉ፣ በላይዋም ጠፍጣፋ ክዳን ይገጠማል። መሐንዲሶቹ ከሁሉ አብልጠው የደከሙበት ግን ዓይን የማያየው ነገር ይመስለኛል፤ ቤንዚኑ፣ ዘይቱና የባትሪው አሲድ ተጋድማ ስትጫን እንኳ እንዳይፈስሱ ማድረግ ነበረባቸው። ዕቃን ማጠፍ ይቻላል፤ የቤንዚን ሽታን ግን አጥፎ የሚያስቀምጥ ጠቢብ ገና አልተገኘም።

ክብደትም እንደዚሁ አይታጠፍም። ሞቶኮምፖ ሙሉ ሆና 45 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ አምስት ኪሎ የጎደለውን ብረት፣ ለሥራ ልብሱን ለብሶ በየጧቱ ከመኪና እያወረደ፣ በየማታው እየጫነ የሚኖር ሰው ስንት ይሆናል? ሆንዳ በወር 10,000 እሸጣለሁ ብሎ ተስፋ ነበረው፤ በ1983 ሥራው እስኪቆም በጠቅላላው የተሸጡት ግን 53,369 ነበሩ። የሚያስገርመው ሲሸጡ የተናቁት ኋላ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ መወደዳቸው ነው።

በመስከረም 2023 ሆንዳ በአሜሪካ ሞቶኮምፓክቶ የተባለች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ተከታይ አወጣ፤ ዋጋዋ 995 ዶላር፣ ክብደቷ 19 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ስትታጠፍ ውፍረቷ ከ10 ሳንቲ ሜትር ስለሚያንስ ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ በአንድ ሙሌት የምትሄደውም እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ቤንዚኑ ቀረ፤ ክብደቱም ከግማሽ በታች ሆነ። በፈሳሹ ፈንታ የገባው የሊቲየም ባትሪ ግን የራሱን ፍርሃት ይዞ መጣ፤ የኒው ዮርክ እሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ ባትሪዎች በመውጫ በር አጠገብ ኃይል እንዳይሞሉ ያስጠነቅቃል፤ በጠባብ አፓርታማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ስፍራ ያው የበሩ አጠገብ ነው። ዌልባይክ በተወለደችበት አገርም የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የባትሪ ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ በግል የተያዙ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች፣ ቢታጠፉም ባይታጠፉም፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በመጋቢት 2025 መጨረሻ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችን በተመለከተ ሌላ ደንብ ሲያወጣ ግን ታጥፈው የሚገቡትን ፈቀደ።