የጨዋታ ዋጋ፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ የሚበዛው ወሬና የይፋት ቆላ ልጆች ታሪክ

ወላጆችና መምህራን ስለ ተማሪዎች መዘግየት፣ መቅረትና የውጤት ማነስ በሚመክሩበት ስብሰባ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቪዲዮ ጨዋታ ስም ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ ፐብጂን፣ ሌላው ፍሪ ፋየርን፣ ሌላው በፕሌይስቴሽን የሚደረገውን የእግር ኳስ ጨዋታ ይከሳል። ወሬው እጅግ በዝቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው በጨዋታዎቹ ስም ላይ የሚያጠነጥን ሲሆን፣ ልጁ ለጨዋታው ስለሚከፍለውና ከጨዋታው ስለሚያገኘው ነገር የሚናገር ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከታሪክ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል፤ ለምሳሌነትም ሸዋ ሮቢትንና በዙሪያዋ ያለውን የይፋት ቆላ ይወስዳል። ገጠርና የመንገድ ዳር ከተማ፣ ደገኛና ቆለኛ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ ምድር፣ አሮጌው ጨዋታና አዲሱ በአንድ ልጅ እጅ ላይ ሲገናኙ ማየት ይቻላልና።

ይፋት ለእንግዳ ነገር አዲስ አገር አይደለም። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በዚሁ ያልፍ ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተነሣው የወላስማ ሥርወ መንግሥት መናገሻውን በዚህ አካባቢ አድርጎ ሲገዛ፣ ጨውና ጨርቅ፣ መጽሐፍና ቃል በግመልና በበቅሎ ጫንቃ ይተላለፉ ነበር። የኖራና የአስበሪ ፍርስራሾች ዛሬም የዚያን ዘመን ከተሜነት ይመሰክራሉ። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በገበያ ቀን የሚገናኙት በዚያው በጥንቱ አኳኋን ነው።

ከዚህ አካባቢ ጨዋታዎች ሁሉ ሃይማኖትና ቋንቋ ሳይለይ የሚገኘው ገበጣ ነው። ይህ ጨዋታ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ በመጠራና በየሐ የተገኙት፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ዘመን ናቸው የሚባሉት የሸክላ ስብርባሪና በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ያመለክታሉ። ታላቁ የታሪክ ተመራማሪ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ እጅግ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን ከነሕጋቸው መዝግበዋል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፤ ሦስት ረድፍ ያለው አለ። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ተደርጎ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል፤ በሦስት ረድፍ 18 ጉድጓድ በሦስት ሦስት ጠጠር ሲሞላ ደግሞ 54 ይደርሳል።

በቆላው ፀሐይ ሲበረታ ከብቶቹ ጥላ ይፈልጋሉ፤ እረኛውም አብሮ ይቀመጣል። መሬቱን በጣቱ ወይም በበትሩ ጫፍ ይጭራል፤ ጠጠር ይለቅማል፤ ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ለሒሳብ መምህር ትኩረት የሚገባው ነገር አለ። በ12 ጉድጓድ ገበጣ፣ መነሻው ጉድጓድ በማይዘለልበት ሕግ፣ 13 ጠጠር ካለበት ጉድጓድ የሚያነሣ ልጅ ዙሩን ጨርሶ ከመነሻው ቀጥሎ ባለው ጉድጓድ እንደሚያበቃ ጠጠሩን ሳያወርድ ያውቃል። 17 ከሆነ ከመነሻው አምስተኛው ላይ ያርፋል። ይህ ልጅ ለ12 ማካፈልንና ቀሪን ማግኘትን እየሠራ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልነገረውም። በክፍል ውስጥ "ቀሪ" የሚባለውን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያየው ከዚህ ቀደም የሚያውቀው ነገር መሆኑን የሚያስታውሰው ከሌለ፣ እንደ ባዕድ ይሸመድደዋል።

ስለ ገበጣ እንዲህ ያለ ወሬ በስብሰባ ሲነሣ አይሰማም። ለምን? አንዱ ምክንያት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዓይናቸው የሚያርፈው በመኳንንቱ ጨዋታ ላይ ስለነበረ ነው። ሰንጠረዥን እንውሰድ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ በሰንጠረዥ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር ጽፎ አስቀርቷል። በጨዋታው መጀመሪያ "ወረራ" የሚባለው ክፍል አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈጣንነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ለአውሮጳ ሰው ይህ አስገራሚ ስለነበረ ተጻፈ፣ ተወራ። ጨዋታው ራሱ ዛሬ ከመጥፋት ደርሷል፤ ስሙ ግን ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ጋር ተዛምዶ በእኛ ቋንቋ በአደባባይ ይኖራል፤ የተማሪ ውጤት በሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ መምህር ሁሉ ሳያውቀው የጨዋታውን ስም ይጠራል።

ስለ ገና ብዙ ስለተባለ እዚህ አልመለስበትም። በጨዋታው ቀን ሎሌ ጌታውን ሳይፈራ የሚጋፋበት መሆኑና ከደጋው ክርስቲያን በዓል ጋር መያያዙ ይበቃል። ለጽሑፋችን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የገናው ዱላ ከዛፍ ይቆረጣል፣ ገበጣው መሬት ይጫራል፣ የሴቶች ልጆች ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ቢያገኝ ይበቃዋል፣ ለሰኞ ማክሰኞም ከሰል ካለ ሌላ አያሻም። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ባለቤት የለውም፤ ልጅ ሊጫወት ሲል ለማንም አይከፍልም።

ይህ የተለወጠው በመንገድ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ወደ ሰሜን የዘረጉት አውራ ጎዳና በጣርማ በር ተራራ ውስጥ ዘልቆ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቆላው ወረደ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በዚህ መንገድ ላይ የመኪና ማረፊያና የገበያ ከተማ ሆና አደገች። ሾፌርና ረዳት፣ ነጋዴና ተመላላሽ ሠራተኛ የሚያርፉበት ከተማ ደግሞ ጊዜ ማሳለፊያ ይሸጥበታል። በእንዲህ ያሉ የመንገድ ከተሞች ከረንቡላው፣ ጆተኒው፣ ኋላም ቪዲዮ ቤቱ በየተራ መጡ። በእያንዳንዳቸው ላይ "ትውልዱን ያበላሻል" የሚል ወቀሳ ተነሥቷል፤ ቀጣዩ ሲመጣ የቀደመው ተረሳ። ጌም ቤት የዚህ ሰልፍ የቅርብ ጊዜ አባል ነው።

ወሬው በሌላውም ዓለም የተከተለው መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ በአገሩ የ100 የን ሳንቲም እጥረት ተፈጠረ የሚል ታሪክ ተሠራጨ፤ ዛሬም በየመጽሐፉ ይደጋገማል። የሳንቲሙ ምርት መዝገብ ግን ታሪኩን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ይህን ጨዋታና መሰሎቹን በአካባቢ አስተዳደር ፈቃድ ሥር ለማድረግ ሕግ አቅርበው 114 ለ94 በሆነ ድምፅ ወደቀባቸው። በዚያው ዓመት የፊሊፒንስ መንግሥት የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖችን ጨርሶ ከለከለ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቻይና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በበይነ መረብ የሚጫወቱበትን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድና በበዓላት ለአንድ አንድ ሰዓት ብቻ ወሰነች። ይህን ሁሉ ከንቱ ሥጋት ማለት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ፣ ሰው ጨዋታን መቆጣጠር አቅቶት ሌላ ኑሮውን ሲያጣ የሚታየውን ሁኔታ እንደ ሕመም መዝግቧል። ምደባው የሚናገረው ግን ቁጥጥር ስላጣ ሰው ነው፤ ጨዋታ የሚጫወትን ልጅ ሁሉ አይመለከትም።

እንግዲህ በመንገድ ዳር ከተማ በእውነት የተለወጠው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጨዋታ ባለቤትና ዋጋ ያገኘ መሆኑ ነው። በጌም ቤት ልጁ በጨዋታ ቁጥር ወይም በሰዓት ይከፍላል፤ በብዙ ቦታም የተሸነፈው የሁለቱን ይከፍላል። ይህ የመጨረሻው ልማድ ከስክሪኑ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል፤ ጨዋታን ወደ ውርርድ የሚያዞረው እሱ ነውና። እግር ኳሱ በስክሪን መሆኑ ሳይሆን፣ የደብተር መግዣ የያዘ ልጅ ተሸንፎ ባዶ እጁን መውጣቱ ነው ጉዳቱ። ሁለተኛው ለውጥ ጊዜን ይመለከታል። እረኛው ገበጣውን የሚያቆመው ከብቱ ሲነሣ ነው፤ ሥራው ራሱ ጨዋታውን ይለካለታል። በጌም ቤት ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ስለሆነ ልጁን ለማስነሣት ምክንያት የለውም። ሦስተኛው ጉዳይ በስብሰባ ፈጽሞ ሲነሣ አይሰማም፤ በአብዛኛው በጌም ቤት የሚታዩት ወንዶች ልጆች ናቸው። ቅልብልቦሹና ሱዚው ከተማው ሲጠብና ሜዳው ሲታጠር ቦታ ሲያጡ፣ ለሴት ልጅ በምትኩ የመጣላት ጨዋታ የለም። የትምህርት ዕቅድ አውጪ ስለ ጨዋታ ሊያስብ ቢፈልግ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

ስልኩ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ፍሪ ፋየርና መሰሎቹ ሲጀመሩ በነፃ ናቸው፤ ዋጋው ከውስጥ ተሸሽጎ በልብስና በመሣሪያ ስም ይጠየቃል። ሆኖም በዚያው ስልክ ላይ ሌላም ነገር መጥቷል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከዶሮ ሩጫ የሠራውን ጨዋታ "ኩኩሉ" ብሎታል፤ ልጆች በድብብቆሽ ጊዜ የሚጠራሩበት ቃል ነው። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ሰሌዳው በመሬት ላይ ከተጫረበት ዘመን ጀምሮ ያለው ስሌት በመስታወት ላይ ሳይለወጥ ይሠራል።

አንድ ችግር ግን ስልኩ ብቻውን አይፈታም። የስልኩ ገበጣ አንድ ሕግ ይዟል፤ የመንደሩ ገበጣ ግን በየመንደሩ ሕጉ ይለያያል። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ተራው ያልፋል የሚሉ አሉ፤ ፊት ለፊት ያለውን ይበላል የሚሉም አሉ። በሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤት ከከተማው፣ ከደጋው ጥግና ከቆላው ቀበሌ የመጡ ልጆች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። መምህሩ በግቢው ጥግ 12 ጉድጓድ አስቆፍሮ ሁለት ልጆችን ቢያስቀምጥ፣ ጠጠሩ ሳይንቀሳቀስ በፊት የሚነሣው ክርክር ስለ ሕጉ ይሆናል። ያን ጊዜ ደብተር አውጥተው እያንዳንዳቸው የአያታቸውን ሕግ እንዲጽፉ ማዘዝ ነው፤ አያቶቹ በሕይወት ሳሉ።