የእርምጃ ቮልቴጅ፦ መብረቅ በመሬት በኩል ሲመጣ

በደብረ ወርቅ ዙሪያ በክረምት ብዙ ጊዜ ሰማዩ የሚጠቁረው ከቀትር በኋላ ነው። በጮቄ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ሲሰማ እረኛው ከብቱን እየነዳ ሜዳ ላይ ለብቻው ወደቆመ ዋርካ ወይም ግራር ይጠጋል፤ የሚሸሸው ዝናቡን ነው። መብረቁ ዛፉን ይመታል። ግንዱን ያልነኩ፣ እንዲያውም ከጥላው ውጭ የነበሩ ላሞች ግን ወድቀው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ገላቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት አይታይም።

ለዚህ የፊዚክስ ሰዎች ያወጡለት ስም ስቴፕ ቮልቴጅ ነው፤ በአማርኛ «የእርምጃ ቮልቴጅ» ቢባል ይስማማል። እርምጃ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ቅጣት ወይም ውሳኔ ቢሆንም፣ ገበሬ ማሳውን የሚለካበት እርምጃ ዛሬም አለ፤ እዚህ የሚፈለገውም እሱ ነው። «የኮቴ ቮልቴጅ» ማለትም ለከብት ያምር ነበር፤ ሰውን ግን ያስቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መብረቅ በአብዛኛው 30 ሺህ አምፔር ያህል ኮረንቲ ይዞ ይወርዳል። ዛፉን ተከትሎ መሬት ሲገባ ወዲያው አይጠፋም፤ በአፈሩ ውስጥ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። ቮልቴጁ ከግንዱ ሥር ከፍተኛ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዛፉ የቀረበው እግርና የራቀው እግር የሚረግጡት ቮልቴጅ እኩል አይደለም። ኮረንቲው በአንዱ እግር ወጥቶ በሌላው ይወርዳል።

ላም ፊቷን ወደ ዛፉ አድርጋ ከግንዱ 10 ሜትር ርቃ ብትቆም፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይኖራል። አፈሩ ኮረንቲን መጠነኛ በሆነ ደረጃ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ በስሌት በእግሮቿ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 6 ሺህ ቮልት ገደማ ነው። የቤት መብራት 220 ቮልት ነው! በዚያ ላይ ልቧ ያለው ኮረንቲው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። እግሩን ገጥሞ የቆመ ሰው ግን ልዩነቱን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል።

ለዚህ ዓለም የማይረሳው ምሳሌ የኖርዌዩ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሃርዳንገርቪዳ በሚባለው አምባ ላይ 323 የዱር አጋዘኖች በአንድ የነጎድጓድ ዝናብ አለቁ፤ 70ዎቹ ግልገሎች ነበሩ። እንስሳቱ በክፉ አየር ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ኮረንቲው በመሬት በኩል መንጋውን በሙሉ አገኘው። በሰውም ላይ ቢሆን መብረቅ በቀጥታ አናቱን የሚመታው ከመቶ ተጎጂ ከአምስት አይበልጥም፤ ግማሽ ያህሉ የሚጎዳው በመሬት በመጣ ኮረንቲ ነው።

አፈርም ለውጥ ያመጣል። የራሰ መረሬ ኮረንቲን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ አፈሩ የሳሳበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። መረሬ ላይ የቆመ ሁሉ ይድናል ማለት ግን አይደለም።

ነጎድጓድ የሚሰማበት ቦታ ሁሉ መብረቅ ሊደርስበት ይችላል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለው እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ የአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ ዘጠኝ ተቆጥሮ ከተሰማ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ነጎድጓድ እንደተሰማ ጥማዱን ፈትቶ ከማሳው መውጣት ይገባል። ከብቶቹን ከዛፍና ከሽቦ አጥር አርቆ መበተን፣ እረኞቹም ተራርቀው እንዲቆሙ ማድረግ ያስፈልጋል። መሬት ላይ መጋደም ክፉ ነው፤ ከራስ እስከ እግር ያለው ርዝመት ራሱ ትልቅ እርምጃ ይሆናል። በደንብ የተገነባ ቤት ወይም በሩ የተዘጋ መኪና ከተገኘ ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላም መውጣት አይገባም።

የተመታን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ። ገላው ላይ የሚቀር ኮረንቲ የለም። ትንፋሹ ከቆመ እርዳታ እስኪደርስ መሐል ደረቱን በሁለት መዳፍ ጠንከርና ፈጠን አድርጎ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል፤ ያውም ወዲያው፣ ልብ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነውና።