የጎጃም ቅኔ ቤት ሥርዓትና የተማሪዎች የቪዲዮ ሥራ

ዛሬ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን በቡድን ከፍለው አጭር ቪዲዮ እንዲያዘጋጁ ሲያዙ ሦስት ችግሮች ይነሣሉ። ሥራው በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ከሌላ የተቀዳው እንደ ራስ ሆኖ ይቀርባል፤ እርማቱም የሚመጣው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ችግሮቹ ከመሣሪያው ጋራ የመጡ ይመስላሉ። ሆኖም ተማሪ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ማዘዝና ሥራውን በሥርዓት መምራት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የቅኔ ቤትን ልማድ ከዚህ አንጻር ልንመረምር አሰብን።

በጎጃም ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቁ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በዲማ ተምረዋል።

የቅኔ ቤት ሥራ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ሰሙንና ወርቁን ያስረዳል። ቀጥሎ ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። በመጨረሻም የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተበላሸውን እዚያው ያርምለታል። ጀማሪዎቹን ብዙ ጊዜ የሚሰማቸው አስነጋሪ የሚባለው የበሰለ ተማሪ ነው። መንገዱ በደረጃ ነው፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ትልቅ ነውር ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች የተጀመረው፣ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው የሳተላይት ትምህርት ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ትምህርቱ ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር፣ ተማሪው ባይገባውም ቆሞ የማይጠብቅ ነበር። ተማሪው ተመልካች እንጂ ሠሪ አልነበረም።

ቅኔ የአንድ ሰው አሳብ፣ ቪዲዮ ግን የብዙ እጆች ሥራ መሆኑን አንዘነጋም። ስለዚህ ቅኔ ቤቱን እንዳለ እንገልብጥ አንልም። ነገር ግን አስተማሪው አስቀድሞ አንድ ናሙና አሳይቶ ቢያብራራ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት የድርሻውን በቃሉ ቢናገር፣ የበሰሉት ተማሪዎችም ጀማሪዎቹን ቢያስነግሩ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ችግሮች ይቃለሉ ነበር። ከአንድ ደቂቃ ሥራ መጀመርም የጉባኤ ቃናን መንገድ መከተል ነው።

አባቶቻችን ብራናና ቀለም ሳያስፈልጋቸው ያቆሙትን ሥርዓት መሣሪያ የሞላን እኛ ብናጣው፣ ጉድለቱ የመሣሪያው አይሆንም።