«ጾም ነው ፍስክ?» የማይባልበት ቤት

እስቲ ቀረብ በሉና ስለ አንዲት ጠባብ ካፌ ላውጋችሁ። አራት ኪሎ ናት፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ዓመት እስከ ዓመት በደጇ አያልፍም። ሁዳዴ ገባ ተብሎ የሚጀመር፣ ፋሲካ ደረሰ ተብሎ የሚቀር ነገር የላትም። ጋጋሪዋም ሒሳብ ተቀባይዋም ባለቤቲቱ ናት፤ የምታስተናግደው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

የአዲስ አበባን ኬክ ቤቶች የምታውቁ ሰዎች፣ በጾም ወራት መስታወቱ ጋ ስትቆሙ መጀመሪያ የምትሰሙትን ታውቁታላችሁ፤ «ጾም ነው ፍስክ?» ይላል አስተናጋጁ። ጿሚውም መመርመር ይጀምራል፦ ዳቦው ወተት አለው? በምን ዘይት ነው የተጠበሰው? አንድ ቤት ውስጥ የጾም ኬክ አዝዤ፣ ቢላዋው ከክሬም ኬኩ ላይ ተነሥቶ ሳይጠረግ የእኔው ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ለዋለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ኬኩ ራሱ ነው። በብዙ ቦታ የጾም ኬክ ሲባል ዘይትና ስኳር ይደባለቅና፣ አፍ ውስጥ የሚፈረፈር ደረቅ ነገር ተቆርጦ ይቀርባል፤ «ለጾም ይበቃል» ተብሎ። እንዴት ነው የሚበቃው? ረቡዕና ዓርቡ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ነነዌው ሲደመር አንድ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። የግማሽ ዓመት ምግብ እኮ ነው!

አሁን ወደ ካፌዋ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ 2017 ዓ.ም. ነው፣ የመፃጉዕ ሰሞን። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 22፣ ረመዳን ተከተለ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ገበያው ገና ስለነበር ባለቤቲቱ ጓዳ ገብቼ ስትሠራ እንዳይ ፈቀደችልኝ። የተፈጨ ጥሬ ተልባ በትንሽ ጎድጓዳ ሳሕን አድርጋ ውሃ ጨመረችበት፤ ለአንድ ማንኪያ ተልባ ሦስት ማንኪያ ውሃ። ማማሰያውን እያዞረች ወሬዋን ቀጠለች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውሃው ውሃነቱን ተወና ዝልግልግ አለ፤ ማንኪያውን ከፍ ስታደርገው ክር እየሠራ ይወርዳል።

«ይኸው እንቁላሌ» አለችኝ። «ዱቄቱን አያይዞ የሚይዝልኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ሁለት የበሰሉ ሙዞች ደፈጠጠች፣ ዘይቱንና ስኳሩን ጨመረች፣ ዱቄቱን በወንፊት ነፋችበት። በመጨረሻ ቤኪንግ ሶዳውን አድርጋ ሎሚ ስትጨምቅበት ሊጡ ተንተከተከ፣ አረፋም ደፈቀ። እዚህ ላይ ወሬ የለም። ፋታ ሳትሰጠው መጋገሪያው ላይ ገልብጣ ኦቭን ውስጥ ከተተችው። ያ አረፋ ኬኩን የሚያነሣው አየር ነውና፣ ሊጡ ቆሞ ከዋለ አየሩ ያመልጣል፤ የሚወጣውም ድንጋይ ነው።

«ስጀምር ሁሉም እየሰመጠ አስቸግሮኝ ነበር» አለች። «ዳር ዳሩ ይነሣል፣ መሐሉ ጉድጓድ። ከመጽሐፍ ላይ ያለውን መጠን አንድም ሳላዛንፍ ነበር የምሠራው እኮ፣ ወንድሜ!»

መጽሐፉ ግን ለእኛ አገር የተጻፈ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ የሚጫነው ኃይል ስለሚያንስ ሊጥ ውስጥ ያለው አረፋ ከመጠን በላይ ያብጣል። ኬኩ ሥጋው ሳይጠና በፊት ተንጠራርቶ ይነሣና የሚደግፈው ሲያጣ ይወድቃል። ውሃም እዚህ ከተማ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፣ 92 ግድም ላይ፤ ስለዚህ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ተንኖ ኬኩን ያደርቀዋል። እንቁላል ያለበት ኬክ እንቁላሉ ሲበስል ስለሚጠና ትንሽ ይቋቋማል። እንቁላል የሌለበት ግን ምሕረት የለውም። ባለቤቲቱ ሶዳውን ቀነሰች፣ ፈሳሹን ጨመረች፣ እሳቱን ከፍ አደረገች፤ ያን ሁሉ በራሷ እጅ እየሞከረች ነው የደረሰችበት። «የጾም ኬክ ቀላል ነው» የሚሉ ሰዎች መጥተው ቢያዩ እወድ ነበር።

ሽምብራውንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። አገራችን ከአፍሪካ ቀዳሚ የሽምብራ አምራች ናት። እናቶቻችን የሽምብራ ዓሣውን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ ግን ማን ያየው ነበር? እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ ይህ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል አረፋ እንደሚሆን አስተዋለና ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ባለቤቲቱም ይህን ሰምታ ነው የጀመረችው። ወፍራሙን ውሃ አቀዝቅዛ፣ ከስኳር ጋር በማሽን ስትመታው ነጭ ሆኖ ይቆማል፤ ሳሕኑን ብትደፉት አይፈስም። በለዘበ እሳት ታደርቀዋለች። አፍ ውስጥ ገብቶ ኩሽ ብሎ ይቀልጣል፣ ሽምብራ ሽምብራም አይልም። ሽምብራው ደግሞ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ተፈጭቶ ለሳንድዊቹ ቅባት ይሆናል።

9 ሰዓት ሲሆን ከቅድስት ሥላሴ ቅዳሴ የወጡት መግባት ጀመሩ፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። አንዲት እናት በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዙና «ልጄ፣ ምን አላችሁ?» አሉ።

«አዚፋ ሳንድዊች አለ፣ እማማ። ትኩስ ነው።»

«አዚፋ በዳቦ? እኔ በእንጀራ ነው የማውቀው።»

«ዛሬ በዳቦ ይሞክሩልኝ፤ ካልጣመዎት እቀይርልዎታለሁ።»

ሳንድዊቹን ከእሳቸው ቀድሜ ስለበላሁት እኔው ልንገራችሁ። ዳቦው እዚያው የተጋገረ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ብቻ ይጠበሳል። ከሥር የሽምብራው ቅባት፣ ከዚያ አቮካዶ ወፈር ተደርጎ፣ ከላይ አዚፋው፤ ድፍን ምስሩ በስሎ ሳይላቁጥ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ደቆ፣ ቃሪያው ከነፍሬው። አቮካዶው ምላሱን ያለዝበዋል፤ ከዚያ ሰናፍጩ መጥቶ አፍንጫን ሰንጎ ይይዛል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል፣ ሎሚው ደርሶ ይገላግላል። እኒያ እናትም ሁለት ጊዜ ጎረሱና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ወይ ሰናፍጭ!» አሉ እየሳቁ፤ ሳይቀየርላቸውም ጨረሱት። ከላዩ የለውዝ ሻይ አዘዙ። ተቆልቶ የተፈጨ ኦቾሎኒ በፈላ ውሃ ተመትቶ የሚቀርበው፣ ወፍራም፣ አረፋ ያለው ነው። ማኪያቶ ከጣሊያኖች ጋር መጥቶ ከተማውን ወርሷል፤ ወተት በማይነካበት ቀን ግን የእኔ ምርጫ የለውዝ ሻይ ነው፣ ያውም ሳላቅማማ።

አንድ ጎልማሳ ግን ሽሮ እንኳ አላዘዙም፤ ቆሎና ውሃ ብቻ። «ጾም ላይ ምላስን ማስደሰት ለእኔ አይሆንልኝም» አሉ ለጠየቃቸው ጓደኛቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ። አከብራቸዋለሁ። ባለቤቲቱም አከበረቻቸው፤ ቆሎውን ራሷ አመጣችላቸው፣ ሒሳብም አልተቀበለቻቸውም።

እንግዲህ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። 12 ሰዓት ላይ ካፌዋ መልኳን ለወጠች። የኦቭኑ ሙቀት ሳይበርድ የምስር ሳምቡሳ መጠበስ ተጀመረ። በየጠረጴዛው ላይ ቴምር በትንንሽ ሳሕን ተቀመጠ። ከአራት ኪሎው ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም አንድ ላይ ተግተልትለው ገቡ። 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል በስልካቸው የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሙስሊሞቹ ቴምሩን አነሡ፣ ክርስቲያኖቹ እነሱ እስኪያፈጥሩ ጠብቀው አብረው ጀመሩ። ሳምቡሳው ከአንድ ሳሕን ነበር የሚነሣው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን። ድግስ ሲደገስ አራጁም ድስቱም ለየብቻ ነው። ከአንድ ሠፈር አድገው፣ አንድ ክፍል ተምረው፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ የሚለያዩ ጓደኛሞች ሞልተዋል። ምስር ግን አራጅ የለውም። ተልባ ማንም ባርኮ አያርደውም። ይህ ጥንትም በየቤታችን የነበረ ነው፤ ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ሽሮና ምስር የሚሠራው ለዚሁ ነበር። ካፌዋ ይህንን አደባባይ አውጥታ፣ ጣዕም ጨምራ፣ ዓመቱን ሙሉ አደረገችው። ስለዚህ ነው በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት፣ «ዝጊና ዕረፊ» ሲሏት የማትዘጋው። ያኔም ሰው አይጠፋም፤ ወተት ሆዱን የሚያውከው አለ፣ ሙዝ ኬኩን ብሎ ብቻ የሚመጣም አለ።

ያን ዕለት ማታ ልወጣ ስል አንዲት ተማሪ ቆማ ታዝዝ ነበር። ለክፍላቸው ልጆች የምርቃት ኬክ፣ ለ40 ሰው።

«ፕሮግራሙ መቼ ነው?» አለች ባለቤቲቱ ደብተሯን ገልጣ።

«ሐምሌ ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን።»

«ላዩን እንዲሁ ልተወው ወይስ የሽምብራውን አረፋ ላድርግበት?»

«የሽምብራውን። ደግሞ፣ እትዬ፣ የአዚፋ ሳንድዊቹንም 40 ያድርጉልኝ።»

ባለቤቲቱ ጻፈችና ቀና አለች። «ቃሪያው ከነፍሬው ይሁን?»